ከማስታወቂያው በኋላ ያለው ግማሽ

ሥራዋን ለሚጠይቃት ሁሉ «ተኳሽ ነኝ» ነበር የምትለው። የማያውቃት ሰው ክው ሲል ትንሽ ታቆየውና፣ ፈገግ ሳትል፣ «በካውያ» ብላ ትገላግለዋለች። ይህቺን ቀልድ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ተናግራታለች፤ አንድም ቀን ቃል አልጨመረችባትም፣ አልቀነሰችላትም። ጥሩ ቀልድ እንደ ሸሚዝ ኮሌታ ነው፣ አንዴ ከተስተካከለ ደግሞ መነካካት ማበላሸት ነው የሚል እምነት ነበራት።

የምትሠራበት ላውንደሪ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው ባንኮኒ ያለበት፣ ደንበኞች ልብስ የሚያስረክቡበት ነው። የኋለኛው እንፋሎት ነው። ሌላ ስም አይገኝለትም። የእሷ ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር ስለሆነ፣ መስታወቱ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ላብ አጥምቆት ስለሚውል፣ በመንገዱ የሚያልፉት ሰዎች ከውኃ ሥር የሚራመዱ ይመስሏታል። ጃንጥላዎች ቀስ ብለው ይንሳፈፋሉ። ብስክሌቶች ያለ ድምፅ ይዋኛሉ። በየአርባ ደቂቃው አንድ ቀይ ነገር እንደ ትልቅ ዓሣ እየተግተለተለ ይመጣና መስኮቱን ይሞላዋል፤ እሱ የባሏ አውቶቡስ ነው። ልክ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ሁለት ጊዜ አጭር ክላክስ ያደርጋል። እሷም ካውያውን ከፍ አድርጋ እንፋሎቱን ፍስስ ታደርገዋለች። አጠገቧ ቆማ ልብስ የምታጣጥፈው ሴት፣ «ባልና ሚስት በዚህ ዕድሜ! እፈሩ እንጂ፣ እትዬ» ትላታለች።

«ሰላም ማለት ነው እንጂ ምን አደረግን?»

«ሰላም እንዲህ አይጨስም።»

ባልና ሚስቱ የሚኖሩት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ቴሌቪዥኑ ኮመዲኖ ላይ ተቀምጧል፣ ፊት ለፊቱ የግራ ክንዱ የላላ አንድ ወንበር አለ፣ በወንበሩና በግድግዳው መካከል ደግሞ የቤቱ የመተኮሻ ጠረጴዛ ይዘረጋል። ሐሙስ ሐሙስ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ «አራተኛው ፎቅ» የሚባል አስቂኝ ድራማ ይተላለፋል። ታሪኩ ሊፍቱ ለዘመናት ተበላሽቶ ስለቆመ አንድ ሕንፃ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ጡረታ የወጣ መምህር አለ፣ ቁልፍ የምታበዛ አከራይ አለች፣ አንድ ካፖርት ለሁለት የሚለብሱ ወንድማማቾች አሉ። በየሳምንቱ አንድ ሊፍት ጠጋኝ ይመጣል፣ በየሳምንቱም ሳይጠግነው ይሄዳል። ድራማው አሥራ አንድ ዓመት ቆይቷል።

ባሏ ሐሙስ የማታ ተረኛ ስለሆነ አንድም ክፍል አይቶ አያውቅም። የሚያየው በእሷ አፍ ነው።

እሷ እንደ አዋቂ ተመልካች ራሷን አትቆጥርም። ግማሹን የምታየው እየተኮሰች ነው፤ ግን አስተያየት ነበራት፣ መለኪያም ነበራት። መሀል ላይ ማስታወቂያ እስኪገባ ድረስ ስንት ሸሚዝ እንደጨረሰች ትቆጥራለች። ስድስት ሸሚዝ ከጨረሰች ክፍሉ ከንቱ ነው፤ ዓይኗን ከሸሚዙ ላይ ያስነሳት ነገር አልነበረም ማለት ነው። አራት ከሆነ ደህና ነው። ሁለት ከሆነ እጇ ካውያውን እንደያዘ አየር ላይ ቀርቷል፣ ጉድ የሚያሰኝ ክፍል ነው። በታሪክ አንድ ጊዜ ብቻ፣ መምህሩ ስልክ ሊደወልልኝ ነው ብሎ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ስልኩ አጠገብ በተቀመጠበትና ምንም ባልሆነበት ክፍል፣ አንድም ሸሚዝ አልጨረሰችም፤ የአንዱንም እጅጌ አቃጥላለች። ሰዎች የሚጯጯሁበትን ክፍል አትወድም። «ጩኸት ለልብስ እንደሚበዛ ስታርች ነው፣ ያደርቃል እንጂ አያሳምርም» ትላለች። ከጀርባ በሚለቀቀው ሳቅም ትናደዳለች። «እኔ መቼ እንደምስቅ የሚነግረኝ ማነው?»

ማስታወቂያው ሲመጣ ካውያውን ትነቅላለች፣ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፣ እግሯን ትዘረጋለች። የቀረውን ግማሽ እንዲያ ሆና ነው የምታየው። ከቀኑ እንፋሎት የተረፈ ሙቀት በጉልበቷ ላይ እንደ ድመት ይተኛል፤ የቴሌቪዥኑ ብርሃን ግድግዳው ላይ ይዋኛል። ዓይኗንም አንዳንዴ ታሳርፈዋለች። ማሳረፍ ነው እንግዲህ፣ ሌላ አይደለም።

ዓርብ ጠዋት ባሏ መስታወቱ ፊት ቆሞ ጉንጩን በሳሙና አረፋ ያለብሰውና ምላጩን ያነሳል።

«እሺ፣ ትናንት ምን ሆኑ?»

«ሁለት ሸሚዝ።»

«ሁለት ብቻ! ንገሪኝ እንጂ ታዲያ።»

«ጠጋኙ መጣ። ሁሉም ሊፍቱ ውስጥ ገቡ፣ እስቲ በክብደታችን እንሞክረው ብለው። ወንድማማቾቹ ካፖርቱን አንድ አንድ እጅጌ ለብሰዋል። በሩ ተዘጋ። ከዚያ ማስታወቂያ። ከዚያ ሊፍቱ ሄደ።»

«ሄደ?»

«ሄደ። አራተኛ ላይ ሲከፈት ባሕር ነው።»

ምላጩ አየር ላይ ቆመ። «የምን ባሕር?»

«ባሕር ነዋ። ሰማያዊም አይደለም፣ ግራጫ ነው። ኮሪደሩን በሙሉ ሞልቶታል፣ ግን ሊፍቱ ውስጥ አይገባም፣ አፉ ላይ ቆሟል። መምህሩ ሱሪውን ጠቅልሎ ዘው አለ።»

«አታስቂኝ፣ ምላጭ ይዣለሁ!»

«ምን ያስቃል? ያምራል እኮ።»

እንዲህ ነበር ድራማው። ከማስታወቂያው በፊት ሰዎቹ ይጨቃጨቃሉ፣ ደረጃ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ከማስታወቂያው በኋላ ነገሩ ሁሉ ይለሰልሳል። ግድግዳዎች እንደ መጋረጃ ይገለጣሉ፣ የሞተችው የመምህሩ ሚስት ከጠረጴዛ ሥር ወጥታ መነጽሯን ትጠይቃለች፣ ማንም አይገረምም። አራተኛውን ፎቅ የምትወደውም ለዚህ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በሌላ ጣቢያ የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ባሏ ጋዜጣ ይዞ ይገባል። በጋዜጣው የኋላ ገጽ ላይ የሳምንቱን ድራማ የሚተች ሃያሲ አለ። እሷ ማንበብ ታውቃለች፤ የቅርብ ነገር የሚያይ ዓይን ግን አልቀረላትም። መነጽርም በእንፋሎት ስለሚጨልም ከተወችው ቆይታለች። ስፌትን በጣቷ፣ ጋዜጣን በባሏ ነው የምታነበው። እሱም ጋዜጣውን ለሁለት አጥፎ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘነብለዋል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«ሊፍቱ ሲከፈት ባሕር መታየቱ ደፋር ሐሳብ ነው፤ ይሁንና መምህሩ ካልሲውን ሳያወልቅ መግባቱ አልተዋጠልኝም። ከአሥር ስድስት።»

«ስድስት!» ካውያዋ ጠረጴዛው ላይ ዱብ ይላል። «ካልሲውን አውልቋል እኮ! አውልቆ ኪሱ ከቶታል፣ እኔ አይቻለሁ! ይኼ ነገረኛ ምኑን ነው የሚያየው?»

«እኔ ምን ላድርግ፣ ጋዜጣው ነው የሚለው።»

«በልልኝ እስቲ፣ ሚስት አለችው ይኼ ሰውዬ?»

«አይመስለኝም።»

«እኔም አይመስለኝም!»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚህ ከማታውቀው ሰው ጋር ተጣልታለች። የአከራይዋ ቁልፎች ሲዘምሩ ድምፃቸው ቀጥኗል ብሏታል። ደረጃው ሲያዛጋ ጥርሱ በዛ ብሏታል። አንድም ጊዜ ከሰባት በላይ ሰጥቶ አያውቅም፤ ሰባትም የሰጠው ሁለት ጊዜ ነው፣ ሁለቱንም ጊዜ ቅዳሜው ጭር ብሎባት ውሏል።

ባሏ የሞተው አንድ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። አውቶቡሱን መነሻው ላይ አቁሞ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ቁልፉን ነቅሎ፣ ከዚያ በኋላ። ቲኬት ቆራጩ ይህን ቅደም ተከተል ሦስት ጊዜ ነግሯታል፤ ሦስቱንም ጊዜ አልተለያየበትም። እሷም ሦስቱንም ጊዜ ስለ ፍሬኑ ጠይቃዋለች።

ነርስ የሆነችው ልጃቸው ከሌላ ከተማ ተዛውራ እናቷ ዘንድ ገባች። ቀዩ ዓሣ አሁንም በየአርባ ደቂቃው መስኮቱን ይሞላል፣ ድምፅ ግን አያሰማም። ልብስ አጣጣፊዋ እንኳን ቀልዷን ትታለች፤ አውቶቡሱ ሲያልፍ ጀርባዋን ትሰጣለች፣ አውቶቡሱን እንዳታይ ሳይሆን የእሷን ፊት እንዳታይ።

ሁለት ሐሙስ ቴሌቪዥኑ ሳይከፈት አለፈ። በሦስተኛው ከፈተችው። አምስት ሸሚዝ ተኮሰች፣ ካውያውን ነቀለች፣ ተቀመጠች። አከራይዋ ቁልፎቿ ጠፍተውባት ነበር፤ ከማስታወቂያው በኋላ ቁልፎቹ ወፎች ሆነው በኮሪደሩ አምፖል ዙሪያ ሲዞሩ ተገኙ፣ እያንዳንዱም ወፍ የራሱን በር ያውቅ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ተፈታ። ዓርብ ጠዋት መስታወቱ ባዶ ነበር፣ ልጅቷ ሥራ ላይ ናት። ስለዚህ ወፎቹን ይዛ ቅዳሜን ጠበቀች።

ልጅቷ ጋዜጣውን ዘረጋችው፤ አላጠፈችውም፣ ወደ ብርሃንም አላዘነበለችውም።

«ʻየዚህ ሳምንት ክፍል በተለመደው መንገድ ሄዷል። ቁልፎቹ በወንድማማቾቹ ካፖርት ኪስ ውስጥ መገኘታቸው ተመልካች ገና ከጅምሩ የሚገምተው ነው። ድራማው መድከሙን ያሳያል።ʼ አለቀ፣ እማዬ።»

«ወፎቹስ?»

«የምን ወፎች?»

«ቁጥሩስ? ከአሥር ስንት ሰጠው?»

«ቁጥር የለውም እኮ።»

ካውያዋን ቀስ አድርጋ አቆመችው። «ሰውየውን ቀይረውታል» አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛውም። አዲሱ ሰው ከማስታወቂያው በኋላ ያለውን ግማሽ ጭራሽ አላየውም፤ ያልተደረገ ነገር እየጻፈ የተደረገውን ይተዋል። የሚሰድባት ቁጥር የለ፣ የምትመልስለት ነገር የለ። ባሏን ማንም እንደማይመልስላት ታውቃለች፤ ያንን አልጠየቀችም። ያ ነገረኛ ሃያሲ ግን የሆነ ቦታ በሕይወት አለ፣ ከሥራ ተባሮም ቢሆን አለ፣ ያለ ሰው ደግሞ ሊመለስ ይችላል። እሱ ከተመለሰ ቅዳሜ ይመለሳል። የፈለገችው ይኼንኑ ብቻ ነው፦ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በሳምንት።

«ጋዜጣ ቤት ልሄድ ነው» አለች።

«ለቴሌቪዥን ድራማ ብለሽ? እማዬ፣ ሰው ምን ይላል!»

«ሰው ያለውን ቅዳሜ ታነቢልኛለሽ።»

ጋዜጣ ቤቱ ከላውንደሪው ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። ሊፍቱ ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ እሷ ይህን ስታይ ልክ ቦታ እንደመጣች ተሰማት። በደረጃው ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ሃያሲው በሩ ክፍት በሆነ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጉንፋን ይዞት፣ ሹራብ ደርቦ ተቀምጧል። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ሸሚዙን አየችው፤ ኮሌታው የእሷ እጅ ነው። ሰው ባያውቃት ኮሌታዋን ታውቃለች።

«የቀድሞውን ሃያሲ ፈልጌ ነበር» አለች።

«የቀድሞ የሚባል የለም፣ እናቴ። ይቀመጡ። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ የምጽፈው እኔ ነኝ።»

«እርስዎ አይደሉም። ያ ከአሥር የሚሰጠው፣ ነገረኛው።»

«እኔ ቁጥር ሰጥቼ አላውቅም። ድራማ ድንች አይደለም ብዬ ከአዘጋጁ ጋር ተጣልቼበታለሁ።»

«በል እንግዲህ፣» አለች፣ «እርስዎ» ማለቱ ሳታውቀው ከአፏ ወድቆ፣ «አንተ ከሆንክ የባሕሩን ምን ብለህ ነበር?»

«የቱን ባሕር?»

«ሊፍቱ አራተኛ ላይ ሲከፈት የታየውን። መምህሩ ካልሲውን አላወለቀም ብለህ ስድስት የሰጠኸውን!»

ሰውየው ሊያስነጥስ የከፈተው አፉ ሳያስነጥስ ተከደነ። ቀስ ብሎ፣ እንዳይቀሰቅሳት የሚፈራ ይመስል ቀስ ብሎ፣ «ሊፍቱ አንድም ቀን ሄዶ አያውቅም፣ እናቴ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። የድራማው ቀልድ እሱ ነው» አለ።

ከዚያ ተነሣ። ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ አንድ በአራት የታጠፈ፣ ዳሩ የበለዘ የጋዜጣ ገጽ በስፒል ተሰክቷል። ነቅሎ አመጣው።

«ሸሚዜን የማሳጥበው እዚህ ታች ያለው ላውንደሪ ነው። እንዳይጨማደድ መሀሉ ላይ አሮጌ ጋዜጣ አጥፈው ያስገቡበታል።»

«የማስገባው እኔ ነኝ። ካነበብነው በኋላ ከቤት የማመጣው ነው።»

«ከስድስት ዓመት በፊት ሸሚዝ ስዘረጋ ይህ ወደቀ። የራሴ ጽሑፍ ነው፤ ግን ኅዳጉን ይዩት።»

ኅዳጉን አላየችውም። ግራጫ ጭረት ብቻ ነው የሚታያት፤ ባሏ ሁልጊዜ በእርሳስ የመነሻ ሰዓቶቹን ጋዜጣ ዳር ላይ ይጽፍ ነበር፣ እሱ መስሏት ነበር ዘመኗን ሁሉ። ሃያሲው አነበበላት፣ ጉንፋን ባነቀው ድምፅ፦

«ሊፍቱ ሲከፈት ባሕር መታየቱ ደፋር ሐሳብ ነው፤ ይሁንና መምህሩ ካልሲውን ሳያወልቅ መግባቱ አልተዋጠልኝም። (እዚህ ጋ ትቆጣለች።) ከአሥር ስድስት። (ሰባት ካልኩ አትከራከረኝም።)»

ታች መንገድ ላይ የሆነ ሰው በር ዘጋ።

«ከታች ደግሞ ሌላ አለ» አለ ሃያሲው። «ʻበዚህ ሳምንትም ግማሹን ተኝታበታለች። ጋዜጣው እውነተኛውን መጨረሻ ጽፎታል። የእሷ ይሻላል።ʼ»

እጇን ዘረጋችና ወረቀቱን ተቀበለችው። ቁመቱን፣ እጥፋቱን በጣቷ ዳሰሰች፣ ስፌት እንደምትዳስሰው። አሥራ አንድ ዓመት የተጣላችው ሰው ሳሙና ተቀብቶ ዓርብ ጠዋት ከፊቷ ይቆም የነበረው ሰው ነው። ሰምቷት ይሄዳል፣ መነሻው ላይ ተራውን ሲጠብቅ ወንበሩ ላይ እርሳስ አውጥቶ ይጽፋል፣ ቅዳሜ መጥቶ ይሰድባታል። ሳቋ መጣ፣ መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነባት፣ ሃያሲውም መሀረብ ፈልጎ የራሱን መሀረብ አይቶ ተወው።

«አንዳንዴ ስጽፍ ቀና ብዬ አየዋለሁ» አለ። «ከእኔ ይሻላል። ምን ነበር ሥራው?»

«ሾፌር» አለች። ከበሩ ስትወጣ ዞር ብላ፣ «ኮሌታህን እንዲህ አትጎትተው፤ ይላላል» ብላው ወረደች።

በዚያው እግሯ ላውንደሪው ገብታ መደርደሪያዎቹን ታራግፍ ጀመር።

«እትዬ፣ ምን ጠፋብሽ?» አለች ልብስ አጣጣፊዋ።

«ጋዜጣ።»

«ጋዜጣማ በየሰዉ ሸሚዝ ገብቶ ሄዷል። ራስሽ አይደለሽ ስታስገቢ የኖርሽው?»

ራሷ ናት። ከአምስት መቶ የሚበልጡ ቅዳሜዎች በራሷ እጅ፣ በሥርዓት ታጥፈው፣ በማታውቃቸው ሰዎች ቁም ሣጥን ውስጥ ተበትነዋል፤ አብዛኞቹም ያን ጊዜውኑ ተጥለዋል። ከስታርች ጣሳዎቹ ሥር ተነጥፈው የተረፉት አራት ናቸው። በአንዱ ላይ የጣሳው ክብ ቀለበት ቁጥሩን በልቶታል፤ ከአሥር ስንት እንደነበረ አይታወቅም። ከሃያሲው የተቀበለችው ሲጨመር አምስት። አምስቱንም ልጅቷ ደግማ ደጋግማ አነበበችላት፤ ቅንፎቹን ሳይቀር።

«አንቺ ግን እውነት አታውቂም ነበር፣ እማዬ? እንደምትተኚ?»

«ዓይኔን ነው የማሳርፈው።»

ነገሩ ከታወቀ በኋላ ግን እንቅልፉ ጠፋ። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ዓይኗ ፍጥጥ ይላል። ሦስት ሐሙስ ሙሉ፣ ከማስታወቂያው በኋላ ያለውን ግማሽ እንዳለ አየችው። ሰዎቹ ይታረቃሉ። ይተቃቀፋሉ። ከጀርባ ሳቅ ይለቀቃል፣ ሙዚቃ ይመጣል፣ ስም ዝርዝር ይወርዳል። ባሕር የለም፣ ወፍ የለም፤ ግድግዳው ግድግዳ ነው። ለዚያ ጉንፋናም ሃያሲ አዘነችለት። «ምስኪን፣ ይኼን ነው ለካ አሥራ አንድ ዓመት ሲያይ የኖረው።» ባሏ ሲሞት ያልተነካባት አንድ ክፍል ነበራት፤ እሱን ደግሞ ራሷ ሄዳ፣ በገዛ እግሯ ሦስት ፎቅ ወጥታ፣ ዘግታው መጣች። ከዚህ ወዲያ ጨርሶ አይከፈትላትም ብላ ፈራች።

በአራተኛው ሐሙስ የድራማው የመጨረሻ ክፍል ነው ተባለ። አንድም ሸሚዝ አላወጣችም። መጀመሪያውኑ ተቀመጠች፣ እግሯን ዘረጋች፣ ዓይኗን ከደነች። አልመጣም። ከደነች፣ ገለጠች። ሕንፃው ሊፈርስ ነው። ጠጋኙ ሊፍቱን አሁንም አልጠገነውም። ሁሉም ሻንጣቸውን ይዘው በደረጃው ወረዱ፣ መምህሩ መብራቱን አጠፋ። አለቀ። ወንበሩ ላይ እንደነቃች ቀረች፤ የላላውን የወንበር ክንድ ይዛ፣ ግድግዳው ላይ የሚዋኘው ብርሃን የማስታወቂያ ብርሃን ብቻ ሆኖ።

ዓርብ ጠዋት ልጅቷ ከሌሊት ተረኝነት ገብታ፣ መስታወቱ ፊት ቆማ ፊቷን ሳሙና ቀባች። እናትየዋ በሩን ተደግፋ አየቻት። ጉንጯ ላይ አረፋ፣ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ። ልጅቷ በመስታወቱ ውስጥ አየቻትና ጠየቀች፦

«እሺ፣ ትናንት ምን ሆኑ?»

ሻንጣውን ልትነግራት ነበር። ደረጃውን፣ መብራቱን። አፏን ከፈተች።

«ሊፍቱ ውስጥ ገቡ» አለች።

የልጅቷ እጅ ጉንጯ ላይ ቆመ። «ተጠገነ?»

«አልተጠገነም። ግን ገቡ፣ ሻንጣቸውን ይዘው። ሊወርዱ ነው የገቡት፣ እሱ ግን ወጣ።»

«ከአራተኛ በላይ ፎቅ የለም እኮ፣ እማዬ።»

«የለም። ግን ወጣ። አምስተኛ፣ ስድስተኛ… ቁጥር ሲያልቅበትም ዝም ብሎ ወጣ። ሲከፈት አውቶቡስ ነው። ቀይ። ሁሉም ተራ በተራ ገቡ። አከራይዋ መስኮቱን ያዘች፣ ወንድማማቾቹ በአንድ ካፖርት አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መምህሩ ሚስቱ አጠገብ ቦታ ተይዞለት ነበር።»

«ሾፌሩስ?»

«ዞር ብሎ አይቷቸዋል። ፊቱን ግን ለይቼ አላየሁትም። አረፋ ነበረበት።»

ውኃው መታጠቢያ ሳህኑ ውስጥ ብቻውን ይወርዳል። ልጅቷ ለረጅም ጊዜ ፊቷን አልታጠበችም። በመጨረሻ፣ ወደ መስታወቱ እንደዞረች፣ «ተኝተሽ ነበር?» አለቻት።

«አልተኛሁም» አለች። ይህን ቃል ስንት ዓመት ተናግራዋለች፤ እውነት ሲሆን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ጋዜጣ ይዛ ገባች። ለሁለት አጠፈችው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለችው፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። የቀኝ እጇ አመልካች ጣት ላይ የእርሳስ ጥላሸት ነበር፤ ጋዜጣውም ከሩቅ ሲያዩት በስፖርት ገጹ በኩል ነው የታጠፈው። እናትየዋ ሁለቱንም አየች። ሸሚዝ ዘረጋች።

«ʻየአራተኛው ፎቅ የመጨረሻ ክፍል እጅግ ድንቅ ነበር። እንዲህ ያለ ውብ ፍጻሜ አይተን አናውቅም። ከአሥር አሥር።ʼ»

ካውያው ቆመ። «አሥር?»

«አሥር ይላል።»

«ይኼ ሰውዬ አሥር ሰጥቶ አያውቅም።»

ልጅቷ ቀና አላለችም። ቁጥሩ በብርሃን ይለወጥ ይመስል ጋዜጣውን ጥቂት አዞር አዞር አደረገችው፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ አንድ ነገር ፈልጋ ያገኘች መሰለች።

«ይቅርታ፣ እማዬ፣ ተሳስቼ ነው። ስድስት ነው። ʻይሁንና ሾፌር የሚያህል ሰው ተሳፋሪ ጭኖ እየነዳ መላጨቱ አልተዋጠልኝምʼ ይላል።»

«እየነዳ!» እንፋሎቱ ፍስስ ብሎ እስከ ጣሪያው ወጣ። «ማነው እየነዳ ነው ያለው? ቆሟል እኮ! የእጅ ፍሬኑን ስቧል፣ ቁልፉን ነቅሏል፣ እኔ አይቻለሁ! ይኼ ነገረኛ ምኑን ነው የሚያየው?»

«እኔ ምን ላድርግ» አለች ልጅቷ፣ «ጋዜጣው ነው የሚለው።»